የሠራተኛ ዋጋና የተማሪ ክብር

ሰው ከሰው የሚቀበለው ነገር ሁለት ዐይነት ነው፤ አንደኛው ሰጪው በፈቃዱ የሚሰጠው ስጦታ ነው፤ ሁለተኛውም ተቀባዩ ስለ ሠራ የሚከፈለው ዋጋ ነው። ስጦታ ሰጪውን ያስመሰግነዋል፤ ዋጋ ግን ከፋዩን ከዕዳ ነጻ ያወጣዋል እንጂ ምስጋና አያሰጠውም። እነዚህ ሁለቱ ተለይተው በታወቁበት ስፍራ በአሠሪና በሠራተኛ፥ በመምህርና በደቀ መዝሙር፥ በሹምና በሕዝብ መካከል ያለው ስምምነት ጸንቶ ይኖራል። በተደባለቁበት ስፍራ ግን ዕዳውን ያልከፈለው ቸር ተብሎ ይመሰገናል፤ ዋጋውን የጠየቀውም ስግብግብ ተብሎ ይነቀፋል።

ይህን ነገር አጕልቶ የሚያሳይ አንድ ክርክር በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከመቶ ዓመት በላይ ሲካሄድ ቆይቶ፥ በ2025 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በፍርድ ቤት ውሳኔ መልኩ ተለውጧል። ክርክሩም በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች እየተማሩ በትምህርት ቤታቸው ስም ለሚጫወቱና ለሚሮጡ ወጣቶች ስለ ድካማቸው ገንዘብ ሊከፈላቸው ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል ነው። ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማው የጨዋታ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ጠልቆ ለመረመረው ግን የፍርድ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት ለተማሪው ምን ዕዳ አለበት፥ በክብር ስም የሚጠየቅ አገልግሎትስ ወሰኑ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለሚያስተዳድሩ፥ ወጣቶችን ለሚያሠለጥኑና ሰውን ለሚያሠሩ ሁሉ ልብ ሊሉት የሚገባ ነው።

በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የመጀመሪያው የስፖርት ውድድር የተደረገው በ1852 ዓ.ም. ሲሆን፥ እርሱም የሃርቫርድና የዬል ተማሪዎች በኒው ሃምፕሽር ግዛት በዊኒፐሶኪ ሐይቅ ላይ ያደረጉት የጀልባ ቀዘፋ ነው። የተማሪዎቹን ወጪ የቻለው በዚያ መስመር መንገደኛ እንዲበዛለት የፈለገ የምድር ባቡር ኩባንያ ነበር። ስለዚህ ጨዋታው በጥንት ጊዜ ለክብር ብቻ ይደረግ ነበር፥ ገንዘብ የገባበት ኋላ ነው የሚለው አነጋገር ከታሪኩ ጋር አይስማማም። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ተማሪው ሲቀዝፍ ከዳር ቆሞ ትርፉን የሚቈጥር ሰው ነበረ።

በ1869 ዓ.ም. የራትገርስና የፕሪንስተን ኮሌጆች ፉትቦል በሚባለው ጨዋታ ተጋጠሙ። ይህ ጨዋታ በሌላው ዓለም ከሚታወቀው የእግር ኳስ እየተለየ ሄዶ፥ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፥ ተጫዋችም ተጫዋችን በጕልበት እየጣለ የሚያስቆምበት ብርቱ ግጥሚያ ሆነ። በ1905 ዓ.ም. በአንድ የጨዋታ ወራት 18 ያህል ወጣቶች በዚሁ ምክንያት ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቆቹን ኮሌጆች ሰዎች ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲታረም መከሩ። በሚቀጥለው ዓመት በ1906 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም በ1910 ዓ.ም. የብሔራዊ ኮሌጆች የአትሌቲክስ ማኅበር ተብሎ ተሰየመ። ዛሬ 1,100 ያህል ትምህርት ቤቶችና ከ500,000 የሚበልጡ ተጫዋቾች በሥሩ ይገኛሉ። የተቋቋመው የወጣቶችን ሕይወት ለመጠበቅ ነበር፤ ለብዙ ዘመን የታወቀበት ሥራው ግን ወጣቶቹ ገንዘብ እንዳይቀበሉ መጠበቅ ሆነ።

ያለ ዋጋ የመጫወት ሕግ በአሜሪካ የበቀለ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር መኳንንትና ባለጸጎች ያጸኑት ነው። ስመ ጥር በሆነው በሄንሊ የጀልባ ውድድር የወጣው ደንብ በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው፥ አንጥረኛም ቢሆን የቀን ሠራተኛ፥ ከጨዋዎች ጋር እንዳይወዳደር ይከለክል ነበር። ምክንያቱ ክብርን መጠበቅ ነው ይባል እንጂ፥ ነገሩ ሲታይ ርስትና ገቢ ላለው ሰው ያለ ዋጋ መጫወት አይከብደውም፤ በላቡ የሚያድረው ግን ሥራውን ትቶ ለመሮጥ የዕለት ጕርሱን የሚያገኝበት ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለሁሉ እኩል የሚመስለው ሕግ ለባለጸጋው ጌጥ፥ ለድኻው አጥር ሆነ።

የዚህም ሕግ ክብደት በጂም ቶርፕ ላይ ታይቷል። ቶርፕ ከአሜሪካ የጥንት ነገዶች የተወለደ፥ በፔንሲልቫኒያ ግዛት በካርላይል ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሲሆን፥ በ1912 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ በሁለት ታላላቅ ውድድሮች አንደኛ ወጣ። በዓመቱ ግን፥ ቀደም ብሎ በ1909 እና በ1910 ዓ.ም. ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ገንዘብ መቀበሉ ስለ ተገለጸ ሽልማቱ ተወሰደበት። በ1953 ዓ.ም. ሞተ። ሽልማቱ ለልጆቹ የተሰጠው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ በውድድሮቹ ብቻውን አንደኛ መሆኑ የታወቀለትም በ2022 ዓ.ም. ነው። ፍርድ መጣ፤ ነገር ግን ባለ ጉዳዩ ከሞተ ከ69 ዓመት በኋላ መጣ።

ሕጉ በአደባባይ ሲሰበክ በጓዳ ይፈርስ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የካርኔጊ የትምህርት ድርጅት ባወጣው ሰፊ የምርመራ ጽሑፍ፥ ከተመረመሩት ትምህርት ቤቶች የሚበዙት ተጫዋቾችን በልዩ ልዩ መንገድ እያባበሉና እየደጎሙ እንደሚያመጡ ተገለጸ። በ1948 ዓ.ም. ማኅበሩ ይህን ለማቆም ብርቱ ደንብ አወጣ። በ1950 ዓ.ም. ደንቡን የተላለፉ ሰባት ትምህርት ቤቶች ከማኅበሩ እንዲወጡ ሐሳብ ቢቀርብ፥ የሚበቃ ድምፅ ሳይገኝ ቀረ። ብዙዎቹ ፈራጆች በተከሳሾቹ ላይ ያዩት ጥፋት በየቤታቸውም እንዳለ ያውቁ ነበርና፥ ድንጋዩን ለማንሣት እጃቸው ከበደ። በ1951 ዓ.ም. ደንቡ ተሻረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ተጫዋቹ ድኻም ቢሆን ባለጸጋ፥ ስለ ጨዋታው ብቻ የትምህርት፥ የምግብና የማደሪያ ወጪ እንዲቻልለት ተፈቀደ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ስውሩ ገንዘብ አልቀረም። በ1987 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት በሚገኘው በሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ለተጫዋቾች በምስጢር ገንዘብ ሲከፈል በመገኘቱ፥ ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዓመት ፉትቦል ጨርሶ እንዳይጫወት ተቀጣ። የግዛቱ ገዥ ቢል ክሌመንትስም ቀደም ሲል የዩኒቨርሲቲው የበላይ ጠባቂዎች ሊቀ መንበር ሳሉ ክፍያው እንዲቀጥል ከተስማሙት አንዱ መሆናቸውን አመኑ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰው ሁሉ የሚያፈርሰው ሕግ ከመጽሐፍ ላይ ሲኖር ጠባይን አያቀናም፤ ወጣቱን ውሸት ያስተምረዋል፥ ሹሙንም ለሕግ ካለው ፍርሃት ያወጣዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ስም የሠራው ሥራ እጅግ ያስደንቃል። ሚስተር ዋልተር ባየርስ ከ1951 እስከ 1987 ዓ.ም. ድረስ የማኅበሩ ዋና አስተዳዳሪ ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. በኮሎራዶ ግዛት በፉትቦል ግጥሚያ ራሱን ተመትቶ የሞተ የአንድ ኮሌጅ ተጫዋች ሚስት፥ ባሌ የሞተው በሥራ ላይ ነውና ለሠራተኞች ቤተሰብ የሚሰጠው ካሣ ይሰጠኝ ብላ ጠየቀች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ዓ.ም. ኮሌጁ የፉትቦል ነጋዴ አይደለም በማለት ልመናዋን ሳይቀበል ቀረ። እንዲህ ያለው ክስ በበዛበት ዘመን ሚስተር ባየርስና ባልደረቦቻቸው ተጫዋቹ ተቀጣሪ እንዳይባል ብለው «ተማሪ አትሌት» የሚለውን ስም ፈጥረው በየደንቡና በየጽሑፉ እንዲገባ አዘዙ። ስሙ ክቡር ይመስላል፤ ተግባሩ ግን ከሟች ሚስት ካሣዋን የሚያስቀር አጥር መሆን ነበር። ሚስተር ባየርስ ራሳቸው ከሹመታቸው ከወረዱ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሥርዓት አጥብቀው ነቀፉት። በሥልጣን ላይ ሳሉ የጠበቁትን አጥር ከሥልጣን ወርደው ማፍረስ ሞከሩ፤ ንስሓው መልካም ቢሆንም በጊዜው ቢሆን ኖሮ የሚጠቅማቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ።

ኮሌጆቹ የጨዋታ ነጋዴዎች አይደሉም የሚለውን ቃል ከጊዜ በኋላ ቴሌቪዥን አፈረሰው። በ1984 ዓ.ም. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ጠባቂዎች ባቀረቡት ክስ፥ ማኅበሩ የፉትቦልን ትርኢት ብቻውን ይዞ መሸጡ የንግድን ነጻነት የሚከለክል ነው ብሎ ፈረደ። ከዚህ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹና ኅብረቶቻቸው ጨዋታቸውን ለቴሌቪዥን ኩባንያዎች በየራሳቸው ይሸጡ ጀመር። ማኅበሩም የፀደዩን የቅርጫት ኳስ ውድድር በ2010 ዓ.ም. ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ውሉ እስከ 2032 ዓ.ም. እንዲደርስ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ተጨመረበት። በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ተቋም ደመወዝ ከሚቀበሉት ሰዎች ሁሉ ከፍተኛውን የሚያገኘው ገዥው ወይም ዳኛው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ቡድን አሠልጣኝ ነው። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበሩት ኒክ ሴበን በ2023 ዓ.ም. ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈላቸው ነበር። በዚያው ዓመት የቴክሳስ ኤ እና ኤም ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት፥ በውላቸው መሠረት ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍላቸው ግዴታ ነበረበት። አሠልጣኙ ከሥራው ስለ ተሰናበተ ይህን ያህል ሲከፈለው፥ ሥራውን የሚሠራው ወጣት ግን ለክብር ተጫወት ይባል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የአገሩን ውድድር ባሸነፈበት ሰሞን፥ የቡድኑ ታላቅ ተጫዋች ሻባዝ ናፒየር ገንዘብ አጥቶ ተርቦ የሚተኛበት ሌሊት እንዳለ ለጋዜጠኞች ተናገረ። አዳራሹ በሰው ተሞልቶ፥ ቴሌቪዥኑ በሚሊዮን ለሚቈጠር ተመልካች እያሳየው፥ በስሙና በጕልበቱ ሌላው ሲበለጽግ እርሱ እራት አጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ነገሩ በአደባባይ ከተሰማ በኋላ በዚያው ወር ማኅበሩ ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾቻቸው ያለ ገደብ ምግብ እንዲሰጡ ፈቀደ።

ያለ ዋጋ መጫወትን የሚደግፉ ሰዎች ከሚያቀርቡት ምክንያት አንዱ፥ ጨዋታ ለፍቅርና ለክብር ሲደረግ ንጹሕ ነው፥ ገንዘብ ሲገባበት ይረክሳል የሚል ነው። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት በዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ሁለት ምሳሌዎችን በአንድ ስፍራ ማኖሩን መጻሕፍትን የመረመሩ ሊቃውንት ያውቃሉ። በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ በሙሴ ሕግ እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር መደንገጉን አንሥቶ፥ የሚሠራ ሰው ከሥራው ሊበላ መብት እንዳለው ያስረዳል። በምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ በሜዳ የሚሮጡትን ሰዎች ትጋትና ራስን መግዛት ያነሣል። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባል፤ ሐዋርያው መብት እያለው እንዳልተጠቀመበት ይናገራል። መብቱን የተወው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አልተወለትም። መብቱን በገዛ ፈቃዱ የሚተው ሰው ምስጋና አለው፤ የሌላውን መብት ተውኩ ብሎ በጎተራው የሚያከማች ግን ምስጋናውን ከየት ያገኘዋል? ለፍቅር መጫወት ክብር የሚሆነው ተጫዋቹ ሲመርጠው ነው፤ ትኬት ሻጩ ሲመርጥለት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። ይኸውም ተጫዋቹ ያለ ዋጋ አልተጫወተም፤ ትምህርት፥ ምግብና ማደሪያ ተሰጥቶታል፥ ትምህርትም ከገንዘብ ሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው የሚል ነው። ይህን በንቀት ማለፍ አይገባም። ከድኻ ቤት ወጥተው በጨዋታቸው ምክንያት ተምረው ሐኪም፥ መምህርና ዳኛ የሆኑ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ትምህርቱ ዋጋ ነው ከተባለ፥ ዋጋው በእውነት መሰጠት አለበት። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን ይህ የትምህርት ርዳታ በየዓመቱ የሚታደስ ስለ ነበረ፥ ከአንድ ዓመት የበለጠ ውል እንደ ገና የተፈቀደው በ2012 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ብቃቱ የቀነሰ ወይም የተጐዳ ተጫዋች በዓመቱ መጨረሻ ርዳታው ሊቀርበት ይችል ነበር። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1993 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ መምህር የማያስተምርባቸው፥ ተማሪም የማይሰበሰብባቸው የስም ብቻ ትምህርቶች እንደ ነበሩ በ2014 ዓ.ም. በወጣው የምርመራ ጽሑፍ ተገልጿል። ከ3,100 የሚበልጡ ተማሪዎች በእነዚህ ትምህርቶች ተመዝግበው ነበር፤ ከእነርሱም ግማሽ የሚያህሉት ተጫዋቾች ነበሩ። ዋጋህ ትምህርት ነው ብሎ ትምህርቱን ባዶ ማድረግ፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው። በሐሰት ገንዘብ ደመወዝ የከፈለ አሠሪ በሕግ ይቀጣል፤ በሐሰት ትምህርት ዋጋ የከፈለ ትምህርት ቤትስ ከዚህ ምን ይለያል?

ፍርድ ቤቶችም ቀስ በቀስ ወደዚህ አሳብ መጡ። በ2009 ዓ.ም. የቀድሞው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤድ ኦባነን የራሱ መልክ ያለ ፈቃዱ በቪዲዮ ጨዋታ ላይ ተሥሎ ሲሸጥ አይቶ ክስ መሠረተ፤ በ2014 ዓ.ም. ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የማኅበሩ ደንብ የንግድን ሕግ እንደሚተላለፍ ፈረዱ። በ2019 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ግዛት ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፥ ማኅበሩ ከትምህርት ጋር በተያያዘ ጥቅም ላይ ያደረገው ገደብ ሕገ ወጥ ነው አሉ። ከዳኞቹም አንዱ ብሬት ካቫኖ፥ ሌላ ማንኛውም አሠሪ ለሠራተኛ አለመክፈል የሥራዬ ጠባይ ነው ብሎ ከሕግ ሊያመልጥ እንደማይችል ጨምረው ጻፉ። በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸው፥ በመልካቸውና በዝናቸው ገንዘብ እንዲቀበሉ ተፈቀደ።

በመጨረሻም በጁን 6 ቀን 2025 ዓ.ም. ዳኛ ዊልከን በማኅበሩና በተጫዋቾች መካከል የተደረገውን ስምምነት አጸደቁ። በዚህ ስምምነት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለተጫወቱት ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲከፈል፥ ከዚህም በኋላ በስምምነቱ የገባ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ በቀጥታ ለተጫዋቾቹ ሊያካፍል እንዲችል ተወሰነ። ከመቶ ዓመት በላይ ኃጢአት ይባል የነበረው ነገር በአንድ ቀን ሕግ ሆነ።

ነገር ግን ዋጋ መከፈል ስለ ተጀመረ ፍርድ ተፈጽሟል ማለት አይቻልም። ከአሮጌው በደል ሲሸሹ ወደ አዲስ በደል እንዳይገቡ የሚያስፈራ ምልክት ከወዲሁ ይታያል። አንደኛ፥ ገንዘቡ የሚደርሳቸው ጥቂቶች ናቸው። ብዙ ገንዘብ የሚያመጡት ፉትቦልና የወንዶች የቅርጫት ኳስ ስለ ሆኑ ከካሣው ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉ ለእነርሱ ተጫዋቾች ተመድቧል። በ1972 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከመንግሥት ርዳታ በሚቀበል ትምህርት ቤት ሴቶችና ወንዶች እኩል ዕድል እንዲያገኙ ያዝዛልና፥ አንዳንድ ሴት ተጫዋቾች ይህን ክፍፍል ተቃውመው ይግባኝ ብለዋል። ሁለተኛ፥ ለፉትቦል የሚከፈለው ሲበዛ ዋናተኛው፥ ታጋዩና ሯጩ እንዳይጨፈለቅ ያሠጋል፤ ከትምህርት ቤቶቹ የሚበዙት ለስፖርት የሚያወጡት ገንዘብ ከሚያስገቡት ይበልጣልና። የአሜሪካ የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች የሚበዙት ደግሞ ከእነዚሁ ኮሌጆች የሚወጡ ናቸው። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በጁላይ 2025 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ የሴቶችና ገንዘብ የማያስገቡ ጨዋታዎች የትምህርት ርዳታ እንዲጠበቅ ያሳሰቡት ስለዚሁ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሳስበው የትምህርቱ ነገር ነው። ከ2024 ዓ.ም. ወዲህ ተጫዋች ትምህርቱን በሚገባ እስከ ያዘ ድረስ ጨዋታ ሳይከለከል በየዓመቱ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። አሠልጣኝ በፈለገው ጊዜ ሲዛወር ተማሪው ብቻ እንዲታሰር ማድረግ ግፍ ነበረና፥ ነጻነቱ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም በአራት ዓመት ሦስት ትምህርት ቤት የለወጠ ወጣት መምህሩን ሳያውቅ፥ መምህሩም እርሱን ሳያውቀው፥ የተማረው ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቈጠርለት ሊወጣ ይችላል። ከኮሌጅ ተጫዋቾችም በጨዋታ ለማደር የሚበቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት በሃያ ሁለትና በሃያ ሦስት ዓመታቸው ጨዋታው ሲያልቅ የሚቀርላቸው በአእምሮአቸው የያዙት ብቻ ነው። የተቀበሉት ገንዘብ ካለቀ፥ ትምህርቱም ካልተያዘ፥ አሮጌው ሥርዓት ያለ ዋጋ የለቀቃቸውን ያህል አዲሱም በዋጋ ይለቃቸዋል።

ከሌላ አገር የሚመጡት ተማሪዎች ጭንቀት ደግሞ ለብቻው ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲዎች በር ያንኳኩት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው፤ ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 ዓ.ም. የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብሯል። ዛሬ በተማሪነት ቪዛ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ እንዳይቀበል በብርቱ የተገደበ ስለ ሆነ፥ ባልንጀራው በመልኩ ገንዘብ ሲቀበል እርሱ ቢቀበል ከአገር እስከ መባረር የሚያደርስ ነገር ሊያገኘው ይችላል። በአንድ ሜዳ አብረው ሮጠው አንዱ ባለ ዋጋ፥ ሁለተኛው ባለ ክብር ብቻ ሆነዋል። ልጆቻቸውን ለሩጫና ለትምህርት ወደዚያ አገር የሚልኩ ወላጆች ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ይህን አስቀድመው ማወቅ ይገባቸዋል።

እንግዲህ ሚዛኑ እንዲቀና ጥቂት ነገሮች ግድ ናቸው። ተጫዋቹ ተቀጣሪ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በግልጽ መቈረጥ አለበት። በ2024 ዓ.ም. የዳርትመዝ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች 13 ለ2 በሆነ ድምፅ የሠራተኞች ማኅበር ለመመሥረት ወስነው፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጥያቄያቸውን አንሥተዋል፤ በዚያው ዓመት አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ተጫዋች አማተር ስለ ተባለ ብቻ ሠራተኛ አይደለም ሊባል እንደማይችል ገልጿል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፥ የሚሠራ ሰው ስለ ዋጋው የሚናገርለት ወኪል ሊኖረው ይገባል። ውሉም በብርሃን የሚጻፍ፥ ወጣቱና ወላጆቹ አንብበው የሚረዱት ይሁን። በጨዋታ የተጐዳ ሰው ሕክምና በዓመታት መቈጠር የለበትም፤ ማኅበሩ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታ ከተዉ በኋላ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል የጕዳት ዋስትና ማቆሙ መልካም ጅምር ነው፥ ነገር ግን የተሰበረ ጕልበትና የተናወጠ ራስ በሁለት ዓመት አይድኑም። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ የጀመረውን ትምህርት ሳይፈጽም ጨዋታው ያለቀበት ወጣት በፈለገ ጊዜ ተመልሶ ያለ ክፍያ እንዲፈጽም ትምህርት ቤቱ በውሉ ቢገደድ፥ ያ ዕዳ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ይልቅ ለትምህርት ቤት ክብር የሚስማማ በሆነ ነበር።

የአሜሪካ ኮሌጆች ታሪክ የሚያስተምረው ለአሜሪካ ብቻ አይደለም። በየትም አገር፥ በማናቸውም መሥሪያ ቤትና ጉባኤ፥ ለክብር አገልግል የሚለው ቃል ሲነገር፥ ተናጋሪው ራሱ ያለ ዋጋ ያገለግል እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ራሱ ያለ ዋጋ የሚያገለግል ሰው ሌላውን ለክብር ቢጠራ ቃሉ ይሰማል፤ እርሱ በሚሊዮን እየተቀበለ ወጣቱን ለክብር የሚጠራ ግን ክብርን እንደ ሸቀጥ መሸጡ ነው። እንዲሁም ገንዘብ ከፍሎ ዕዳዬን ጨረስሁ የሚል ትምህርት ቤት ተሳስቷል። ነጋዴ ከደንበኛው ጋር በገንዘብ ይለያያል፤ መምህር ግን ደቀ መዝሙሩን እውቀት ሳያስይዝ ቢያሰናብተው በወርቅ ቢሸኘውም ከዕዳ አይወጣም። አሮጌው ሥርዓት ወጣቱን ተማሪ ነህ እያለ ዋጋውን ነሣው፤ አዲሱ ሥርዓት ደግሞ ዋጋህን ተቀብለሃል እያለ ተማሪነቱን እንዳይነሣው መጠበቅ የዳኞች፥ የአስተዳዳሪዎችና የመምህራን ሁሉ ሥራ ነው።